ሳውንድ ካርድ ከመግዛትህ በፊት የስፒከሩን ጀርባ አዙረህ እይ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ወንድሜ። ባለ 5.1 ስፒከር ገዛሁ። አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር አለው። ለኮምፒውተር የሚሰኩ ሦስት ገመዶች አሉት፤ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ። ዴስክቶፔ ግን ከኋላው ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። አረንጓዴውን በአረንጓዴ ሰካሁት፤ የፊቶቹ ሁለቱ ብቻ ጮሁ። ሰብዉፈሩ እንኳን ዝም አለ። የሸጠልኝ ልጅ ‹7.1 የሚል ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዛ› አለኝ፤ ዕቃው ጣት ነው የሚያክለው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኦፕቲካል ከሌለው አትግዛ› ይላል። ጌም እጫወታለሁ፣ ፊልም አያለሁ። አንዳንዴ የእህቴን ላፕቶፕም ላገናኘው እፈልጋለሁ። የትኛውን ልግዛ?»

ሰላም ወንድሜ። የገመዶቹንና የቀዳዳዎቹን ቀለም ዘርዝረህ መጻፍህ ግማሹን ሥራ አቀለለልኝ። ብዙ ሰው «ስፒከሬ 5.1 ነው፣ ምን ልግዛ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። በዚያ ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ዴስክቶፕህ ላይ ምንም ሳትገዛ ስድስቱም የመሥራት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ለላፕቶፑ ግን መግዛትህ አይቀርም። ያቺ ጣት የምታክለው ዩኤስቢ ለሁለቱም አትሆንህም። ኦፕቲካሉም (ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈው ገመድ) ለዚህ ስፒከር አይጠቅምህም። አሁን ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ምክንያቱን ከያዝክ ሌላ ጊዜም ማንም አያታልልህም።

5.1 ሲባል አምስቱ ሙሉ ድምፅ የሚይዙ ቻናሎች ናቸው። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መሐል፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ። ነጥብ አንዷ ደግሞ ጎርናናውን ድምፅ ብቻ ለሰብዉፈር የምታደርስ ቻናል ናት። ድምሩ ስድስት። አንድ የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚሸከመው ሁለት ቻናል ነው፤ ግራና ቀኝ። ስድስት ለሁለት ሲካፈል ሦስት ይመጣል። ሦስት ገመድ የሆነው ለዚህ ነው። አረንጓዴው የፊቶቹን ይይዛል። ጥቁሩ የኋላዎቹን። ብርቱካናማው መሐሉንና ሰብዉፈሩን። አረንጓዴውን ብቻ ስትሰካ የፊቶቹ ብቻ መጮኻቸው ትክክል ነው። ስፒከርህ አልተበላሸም።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከካርዱ ካርቶን አይደለም፤ ከስፒከሩ ጀርባ ነው። ስፒከሩ በምን በኩል ስድስት ቻናል ይቀበላል? ካርዱ መስጠት ያለበት በዚያው በኩል ነው። ያንተው ሦስት የአናሎግ ገመድ ስላለው፣ የሚያስፈልግህ ሦስት የአናሎግ መውጫ ያለው ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዎች ሁሉ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። አንዳንድ «5.1» ተብለው የሚሸጡ ስፒከሮች ከኋላቸው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ከዚያ ውጭ ብሉቱዝ፣ ፍላሽና ሬዲዮ። ቀይና ነጩ የሚቀበለው ግራና ቀኝ ነው፤ የተለመደው የብሉቱዝ ድምፅም ሁለት ቻናል ነው። ስፒከሩ የፊቱን ድምፅ ቀድቶ ወደ ኋላዎቹ ይልከዋል። ስድስቱም ይጮኻሉ፤ ግን እውነተኛ ሰራውንድ፣ ማለትም ከየአቅጣጫው የተለያየ ድምፅ የሚሰማበት፣ አይደለም። እንዲህ ያለ ስፒከር ላለው ሰው የዓለም ምርጡ ሳውንድ ካርድ እንኳ ምንም አይጨምርለትም። ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይተወው። በአንጻሩ ስድስት የአርሲኤ ቀዳዳ (እንደ ቀይና ነጩ ያለ ክብ ቀዳዳ) ያለው ከሆነ እሰየው ነው። አንዱ ጫፍ 3.5 ጃክ፣ ሌላው ጫፍ ሁለት አርሲኤ የሆነ ገመድ ሦስት ገዝቶ እንዳንተው ማገናኘት ይችላል።

ደግሞም ከተበላሸ ሆም ቲያትር የተረፉ፣ ጫፋቸው የተላጠ ሽቦ ብቻ የሆኑ ስፒከሮችን ከሳውንድ ካርድ ጋር ለማገናኘት የሚሞክሩ አሉ። አይሠራም። ሳውንድ ካርድ የሚያወጣው ደካማ ሲግናል ነው። ስፒከር የሚገፋ ጉልበት የለውም፤ መሐል ላይ አምፕሊፋየር ግዴታ ነው። ያንተው አምፕሊፋየሩ ሰብዉፈሩ ሳጥን ውስጥ ስላለ አያሳስብህም።

አሁን ወደ ዴስክቶፕህ እንሂድ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ሮዝ ለማይክ፣ አረንጓዴ ለስፒከር፣ ሰማያዊ ለላይን ኢን (ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ለማስገቢያ) የተመደቡ ናቸው። ይህ የቀለም አመዳደብ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ካወጡት ፒሲ 99 ከሚባለው መመሪያ ጀምሮ የተለመደ ነው። ግን ምደባው የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለውን መስፈርት ካወጣ በኋላ፣ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው የድምፅ ቺፕ አንድን ቀዳዳ ከመግቢያ ወደ መውጫ መቀየር ትችላለች። ሰማያዊው የኋላ ስፒከሮች መውጫ ይሆናል። ሮዙ የመሐልና የሰብዉፈር መውጫ ይሆናል። ቀለሙ አይመሳሰልም እንጂ ሦስቱ መውጫዎች እዚያው ጀርባው ላይ አሉልህ። ርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ የምናገኛቸው፣ እንደ ሪልቴክ ኩባንያ ኤኤልሲ887 እና ኤኤልሲ897 ያሉ ቺፖች እንኳ እስከ ስምንት ቻናል ያወጣሉ።

እንዲህ አድርግ። በመጀመሪያ የማዘርቦርድህን ሞዴል ፈልገህ ከአምራቹ ድረ ገጽ የድምፅ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ቺፑን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) አውርደህ ጫን። ይህን እርምጃ አትዝለለው። ዊንዶውስ በራሱ የሚጭነው አጠቃላይ ድራይቨር ድምፅ ያሰማል፤ ቀዳዳ መቀየር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። ከዚያ ጥቁሩን ገመድ በሰማያዊው ቀዳዳ፣ ብርቱካናማውን በሮዙ ሰካ። ገመዱን ስትሰካ የሪልቴክ መስኮት ብቅ ብሎ «ምን ሰካህ?» ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። ለሰማያዊው የኋላ ስፒከር፣ ለሮዙ ደግሞ ሴንተርና ሰብዉፈር የሚለውን ምረጥ። ካልጠየቀህ የሪልቴክ ኦዲዮ ኮንሶልን ራስህ ክፈትና እዚያ ቀይረው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ሰማያዊውና ሮዙ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ማኑዋሉ ውስጥ በትንሽ ሠንጠረዥ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ይህም አልበቃም። ለዊንዶውስም ስድስት ስፒከር እንዳለህ መንገር አለብህ። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ከዚያ ከታች ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ። ፕሌይባክ ከሚለው ዝርዝር ስፒከርህን ምረጥና ኮንፊገር የሚለውን ተጫን። እዚያ ስቴሪዮ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። 5.1 ሰራውንድ የሚለውን ምረጥ። ከዚያ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ስፒከሮች አንድ በአንድ ጠቅ እያደረግክ የትኛው እንደሚጮህ አዳምጥ። አንዳንድ ጊዜ 5.1 የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። በአንደኛው ሥዕል ስፒከሮቹ ከጎን ናቸው፣ በሌላኛው ከኋላ። አንደኛው ላይ የኋላዎቹ ዝም ካሉ ሌላኛውን ሞክር። በዚህች ምክንያት ብቻ ካርድ የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ሮዙን ቀዳዳ ለሰብዉፈር ስለሰጠህ ማይክህ የት ይግባ? ኬዙ ፊት ለፊት ያለው የማይክ ቀዳዳ ይሠራል። ሰማያዊውን ላይን ኢን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ስለሆነ እሱ አያሳዝንህም።

አንዲት ነገር ላሳይህ። አንድ ጎረቤቴ «አዲሱ ስፒከሬ ተበላሽቷል» ብሎ ጠራኝ። ፊልም ከፈተልኝ። ሙዚቃው ጥሩ ነው፤ የኋላዎቹም ይሠራሉ። ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ ግን ንግግራቸው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከሰብዉፈሩ ነው የሚወጣው። በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ነው የሚመስለው፤ ቃሉ አይለይም። ጠረጴዛው ላይ ያለችው የመሐል ስፒከር ደግሞ ፍንዳታ ሲመጣ ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ጉዳዩ ቀላል ነበር። ብርቱካናማው ጃክ ውስጥ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ለመሐል፣ አንዱ ለሰብዉፈር። የካርዱ አምራችና የስፒከሩ አምራች ቅደም ተከተሉን በተቃራኒ ሠርተውታል። በድራይቨሩ ውስጥ ሴንተርንና ሰብዉፈርን አቀያይር የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። ምልክት ስናደርግባት ድምፁ ተስተካከለ። ካርድ ስትመርጥም ይህች አማራጭ ድራይቨሩ ላይ መኖሯን ጠይቅ። ከሌለች፣ ግራና ቀኙ የተቀያየረ አጭር ገመድ ማሠራት ነው ያለው መፍትሔ።

ሰብዉፈሩ ዝም ማለቱን መጻፍህ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ይነግረኛል። አንዳንድ ስፒከሮች ከሁሉም ቻናል ጎርናናውን ድምፅ እየለዩ ለሰብዉፈሩ ይሰጣሉ። እነዚያ አረንጓዴው ብቻ ቢሰካም ሰብዉፈሩ ይመታል። ያንተው ግን በብርቱካናማው ገመድ የሚመጣለትን ብቻ ይጠብቃል ማለት ነው። ሙዚቃ አብዛኛው ሁለት ቻናል ነው፤ ለሰብዉፈር የተለየ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሦስቱንም ብትሰካ እንኳ ሙዚቃ ስትከፍት ሰብዉፈሩ ዝም ሊል ይችላል። መፍትሔው ባስ ማኔጅመንት የሚባለው ነው። ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ከፊትና ከኋላ ቻናሎች ጎርናናውን ለይቶ ወደ ሰብዉፈሩ ይልካል። ድንበሩ ብዙ ጊዜ 80 ኸርዝ ነው። እንዳንተ ያሉ ትናንሽ ስፒከሮች ግን ከ100 ኸርዝ በታች ብዙም ስለማይችሉ ከ120 እስከ 150 ቢደረግ ይሻላል። ካርድ የምትገዛ ከሆነ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግህ ባሕርይ ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፈው ሁሉ ይበልጣል።

እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚገዛው? ላፕቶፕ ላይ፣ ምክንያቱም የተለመደው ላፕቶፕ አንድ የሄድፎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። የማዘርቦርዱ የድምፅ ክፍል ሲሞት። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ማዘርቦርድ ሲሆን። ወይም ድምፁ ውስጥ የማይጠፋ ጩኸት ሲኖር።

ስለ ጩኸቱ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎች በብዛት ገንዘብ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ጩኸት አለ። አንደኛው ማውስ ስታንቀሳቅስ ወይም ጌም ስትከፍት የሚቀያየር ቀጭን ጭር ጭር የሚል ነው። ይህ ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ከግራፊክስ ካርዱና ከፓወር ሰፕላዩ የሚገባ ረብሻ ነው። ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ወፍራም «እምምም» የሚል ድምፅ ነው። ይህ የሚመጣው ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል ዙሪያ ሲሠሩ ነው፤ ግራውንድ ሉፕ ይባላል። ውስጥ የሚገባ አዲስ ካርድ አያጠፋውም፤ ግራውንዱ ያው ነውና። አንድ ቀን ስፒከሩ በርቶ ሳለ ገመዶቹን ከኮምፒውተሩ ንቀል። ጩኸቱ ካልጠፋ ችግሩ ስፒከሩ ራሱ ነው። ከጠፋ ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተህ ሞክር። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀል። ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ሉፕ ነው፤ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ለሦስቱ ገመድ ሦስት ያስፈልግሃል።

ወደ ግዢው እንምጣ። በመጀመሪያ ያቺን ጣት የምታክል 7.1። እስኪ አዙረህ ቀዳዳዋን ቁጠር። አንድ የሄድፎን፣ አንድ የማይክ። አንድ ጃክ ሁለት ቻናል እንደሚሸከም ቀደም ብለን ተነጋግረናል። ስምንት ቻናል ከየት ይመጣል? አይመጣም። እነዚህ ዕቃዎች 7.1 የሚሉት ቨርቹዋል ነው። ለሄድፎን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ድምፁን በሶፍትዌር አቀነባብረው ከኋላ የመጣ እንዲመስል ያደርጋሉ። በሄድፎን ለሚጫወት ሰው የሚወደድ ነገር ነው። እውነተኛ የኋላ ስፒከር ላለህ ላንተ ግን ምንም አይሠራልህም። ርካሽ ስለሆኑ ብቻም አይደለም። ሳውንድ ብላስተር ጂ6 በጣም የተከበረ ዕቃ ነው፤ ካርቶኑም 7.1 ይላል፤ በአናሎግ የሚያወጣው ግን ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ለሄድፎን ሰው እመክረዋለሁ፣ ላንተ አልመክረውም።

ስለዚህ የመግዣው ሕግ አንድ ነው። ቁጥሩን አትመን፣ ቀዳዳውን ቁጠር። ፍሮንት፣ ሪር፣ ሴንተር ሰብ የሚሉ ሦስት የተለያዩ መውጫዎች ተጽፈው ማየት አለብህ። ለ7.1 ስፒከር አራተኛ፣ ሳይድ የሚል ይጨመራል። ለ5.1 ስፒከር 7.1 ካርድ መግዛት ችግር የለውም፤ አራተኛው ባዶ ይቀራል።

ዴስክቶፕ ውስጥ ለሚገባ ካርድ ሳውንድ ብላስተር ኦዲጂ ኤፍኤክስ ወይም ኤሱስ ዞናር ኤስኢ ለእንዲህ ያለ ስፒከር ይበቃሉ። ሁለቱም 5.1 በአናሎግ ያወጣሉ። ከፍ ያሉት፣ ለምሳሌ ሳውንድ ብላስተር ኤኢ-5፣ የሚበልጡት በአብዛኛው በሄድፎን በኩል ነው። ካርቶኑ ላይ 122 ዴሲቤል የሚል ቁጥር ታያለህ። ይህ በድምፁና በራሱ የካርዱ ሽውታ መካከል ያለው ርቀት ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ባለ 16 ቢት ድምፅ 96 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ያንተ ስፒከር ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ራሱ ከዚያ የበለጠ ሽውታ አለው። ስለዚህ በ122 እና በኦዲጂ ኤፍኤክሱ 106 መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ ስፒከር አትሰማውም። ያንን ገንዘብ ለረጅም ገመድ ወይም ለስፒከር ማቆሚያ ብታውለው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሃል።

ካርዱ በምን እንደሚገባም እይ። እኔ አንድ ጊዜ ያገለገለ ጥሩ ካርድ አግኝቼ ገዛሁ። ቤት ደርሼ ኬዙን ስከፍተው የሚገባበት ቦታ የለም። ካርዱ የድሮው ፒሲአይ ነበር፤ የእኔ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ብቻ ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አይገጣጠሙም። ያገለገለ ስትገዛ የካርዱን ጥርስ አይተህ ከማዘርቦርድህ ጋር አስተያይ። ትንሿ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ረጅሙ ቀዳዳ ውስጥም ትሠራለች፤ ከግራፊክስ ካርዱ ራቅ አድርገህ ብትሰካት ጥሩ ነው። እንደ ዞናር ዲኤክስ ያሉ አሮጌ ካርዶች ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ የተለየ ትንሽ ገመድ ይፈልጋሉ፤ እሱ ካልተሰካ አይሠሩም። ድራይቨሩ ለምትጠቀምበት ዊንዶውስ መውጣቱንም አስቀድመህ አረጋግጥ።

ለእህትህ ላፕቶፕ ግን ውጭ የሚቀመጥ ዩኤስቢ ነው። ገንዘብ ካለህ ሳውንድ ብላስተር ኤክስ4 እስከ 7.1 በእውነተኛ መውጫ ያወጣል። ገንዘብ ካጠረህ የሲ-ሚዲያ ሲኤም6206 ቺፕ ያላቸው፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሳጥኖች አሉ። በስማቸው አይታወቁም፣ በብዙ ስም ይሸጣሉ። ከኋላቸው ቀዳዳዎቹ ተደርድረው ታያቸዋለህ። በ16 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ስምንት ቻናል ያወጣሉ። የአብዛኛው ፊልምና ጌም ድምፅ በዚያው በ48 ስለሚመጣ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የዩኤስቢ ጥቅሙ ለሁለታችሁም መሆኑ ነው። የዴስክቶፕህ ቀዳዳዎች እምቢ ካሉህም አንዱን ገዝተህ ከዚያም ከዚህም እየነቀልክ መጠቀም ትችላለህ። ሁለት ካርድ አትግዛ።

ጓደኛህ ስለ ኦፕቲካል የነገረህ ከጥሩ ልብ ነው፤ ግን ላንተ አይሆንም። አንደኛ፣ ስፒከርህ ላይ የኦፕቲካል መግቢያ እንዳለ አልጻፍክልኝም። ከሌለ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ቢኖር እንኳ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ገደብ አለ። ይህን ገመድ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያወጣው ያሰበው ለሲዲ ማጫወቻ ነበር። ሲዲ ሁለት ቻናል ነው፤ መንገዱም ለሁለት ቻናል ተበጀ። ባለ 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ሁለት ቻናል በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ስድስት ቻናል ሲሆን 4.6 ሚሊዮን ይደርሳል። አያልፍም። የሚያልፈው ተጨምቆ ነው፤ ዶልቢ ዲጂታል ስድስቱን ቻናል ቢበዛ ወደ 640 ሺህ ቢት ይጨምቃል።

ፊልም ላይ ይህ ችግር የለውም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ድምፅ አስቀድሞ በዶልቢ የተጨመቀ ከሆነ እንዳለ ያልፋል። ጌም ግን ድምፁን እዚያው በዚያው ነው የሚፈጥረው። አንተ ስትዞር የጠላት ኮቴም ይዞራል። አስቀድሞ የተጨመቀ ነገር የለም። ስለዚህ ኦፕቲካል ያገናኙ ሰዎች «ፊልም ላይ የኋላዎቹ ይሠራሉ፣ ጌም ላይ ይሞታሉ» ብለው ሲያማርሩ ትሰማለህ። መፍትሔው ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት ያለው ካርድ ነው። እነዚህ የጌሙን ድምፅ እዚያው እየጨመቁ ይልኩታል፤ በዚህ መሐል ድምፁ ትንሽ ይዘገያል። ተኩስ ለሚጫወት ሰው ያቺ መዘግየት ታስታውቃለች። በሦስት የአናሎግ ገመድ ግን መጭመቅ የለም፣ ያ መዘግየትም የለም። ለጌም የያዝከው ነገር ይሻላል ማለቴ ነው።

ኤቪ ሪሲቨር (አምፕሊፋየር ያለው የሆም ቲያትር ዋና ሳጥን) ላለው ሰው ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። እሱ ሳውንድ ካርድ አያስፈልገውም። ከግራፊክስ ካርዱ በኤችዲኤምአይ ወደ ሪሲቨሩ ያገናኝ፤ ኤችዲኤምአይ እስከ ስምንት ቻናል ሳይጨመቅ ያሳልፋል።

«ለጌም ጥሩ ካርድ ከሌለህ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል» የሚል ወሬም ይሰማል። ድሮ እውነት ነበር። የጌም ድምፅን ካርዱ ራሱ ያሰላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ያንን መንገድ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ድምፁን በፕሮሰሰሩ አስልቶ ለካርዱ የሚሰጠው የተጠናቀቀውን ነው። ዛሬ ካርድ የጌሙን ፍጥነት አይጨምርም።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ጌሙ የራሱ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ሄድፎን ላይ ከሆነ ወደ ስፒከር ወይም ሰራውንድ ቀይረው። ብዙ ጌም የስፒከሩን ብዛት የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ስለሆነ ዘግተህ ክፈተው። ማንኛውንም ቨርቹዋል ሰራውንድ አጥፋ፤ ከእውነተኛ ስፒከር ጋር ሲደራረብ ድምፁን ያደፈርሰዋል። ፊልም ላይ የኋላዎቹ ዝም ካሉ ካርዱን ከመውቀስህ በፊት ፊልሙን እይ። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ ቱልስ ከዚያ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን ብትል የድምፁን ቻናል ይነግርሃል። 3ኤፍ2አር/ኤልኤፍኢ ካለ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ለሰብዉፈር ማለት ነው፤ 5.1 ነው። ስቴሪዮ ካለ ፋይሉ ውስጥ የኋላ ድምፅ የለም። ለሙዚቃ ሁሉም እንዲጮሁልህ ከፈለግህ ድራይቨሩ ውስጥ ስፒከር ፊል የሚል አማራጭ ፈልግ። እኔ ሙዚቃ በሁለቱ የፊትና በሰብዉፈሩ ብቻ ነው የምሰማው፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው።

አቀማመጡም አለ። ከፊትህ ያሉት ሁለቱ ከመሐሉ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ያህል ይራቁ። የኋላ የሚባሉት ግን ከጀርባህ አይደለም የሚቆሙት። ለ5.1 ዓለም አቀፉ ምክር ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ማለትም ከጆሮህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በጎንህ። ብዙ ሰው ገመዱ ስለማይደርስ የኋላዎቹንም ከፊት ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸዋል። ያኔ ስድስት ስፒከር መግዛቱ ከንቱ ይሆናል። የገመድ ማራዘሚያ ከካርድ በጣም ይረክሳል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ምንም ሳትገዛ ድራይቨሩን ጫን፣ ጥቁሩን በሰማያዊ፣ ብርቱካናማውን በሮዝ ሰካ፣ ዊንዶውስን 5.1 አድርገው፣ ስድስቱንም ጠቅ እያደረግክ አዳምጥ። ስድስቱም በየቦታቸው ከጮሁ የዴስክቶፑ ጉዳይ አልቋል፤ ለላፕቶፑ ሦስት መውጫ ያለውን ዩኤስቢ በጊዜህ ትገዛለህ። ድራይቨሩ ቀዳዳውን መቀየር እምቢ ካለህ ዩኤስቢውን አሁኑኑ ግዛ። ዴስክቶፑም ላይ እሱው ይሠራልሃል። ያኔ ጥቁሩ ገመድ ሪር በሚለው፣ ብርቱካናማው ሴንተር ሰብ በሚለው ይገባል፤ ሮዙ ቀዳዳ ደግሞ ለማይክህ ይመለስልሃል።